ያለ መልሕቅ የሚቆም መርከብና የፊርማው ነገር

ባለፈው ክረምት፥ ጋሼ ብዬ የምጠራው የአጎቴ ልጅ ከባሕር ሥራው ለዕረፍት በመጣ ጊዜ፥ ከሻንጣው አንዲት መዝገብ አውጥቶ አሳየኝ። ብዙዎቹ ገጾች ተጽፎባቸው፥ ማኅተምና ፊርማ አርፎባቸው ነበር። በአንዱ ገጽ ላይ ግን ጽሕፈቱ ሞልቶ የፊርማው ሥፍራ ባዶ ነው። «ይኸ ባዶ ቦታ የ23 ቀን ድካሜ ነው» አለኝ። ነገሩ ስለ ገረመኝ ብዙ ጠየቅሁት፤ የተረዳሁትንም ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በዚህ መጽሔት ለማስረዳት ወደድሁ።

መቸም ባሕር በሌለው አገር ላደግን ለእኛ፥ መርከብ ሲባል የሚታየን ከወደብ ወደብ ሲጓዝ ነው። ነገር ግን ዋና ሥራው መጓዝ ሳይሆን መቆም የሆነ መርከብም አለ። ከባሕር በታች ነዳጅ የሚቆፍር፥ ቧንቧ የሚዘረጋ፥ ጠላቂ ሠራተኞችን የሚያወርድ መርከብ ከሥፍራው መናወጥ የለበትም። ውሃው እጅግ ጥልቅ ሲሆን ወይም ከታች ቧንቧ ተዘርግቶ ሲገኝ መልሕቅ መጣል አይቻልም። ለዚህ ሲባል የተፈጠረው ዘዴ ዳይናሚክ ፖዚሽኒንግ ይባላል።

ጭልፊት ነፋስ እየገፋት፥ ክንፏን እያስተካከለች በአየር ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። መርከቡ ያለበትን ሥፍራ ከሳተላይት፥ በባሕሩ ወለል ላይ ከተቀመጠ የድምፅ መሣሪያ፥ ወይም ክብደት ታስሮበት እስከ ወለሉ ከወረደ የብረት ገመድ ዝንባሌ ይለካል። አቅጣጫውን ከጋይሮ ኮምፓስ፥ የነፋሱን ኃይል ከነፋስ መለኪያ ይቀበላል። ኮምፒዩተሩም ይኸን ሁሉ አስልቶ፥ ገፊ ሞተሮቹ ወደ የት፥ በምን ያህል ኃይል እንዲሠሩ ያዛቸዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ኩስ አንድ የተባለው የቁፋሮ መርከብ አራት ፕሮፔለሮቹን ሰው በእጁ እየመራ ነበር የሚቆመው፤ በዚያው ዓመት ዩሬካ የተባለው መርከብ ይኸንኑ በመሣሪያ ለመሥራት ቻለ።

ታዲያ ኮምፒዩተር የሚሠራውን ሥራ ሰው ለምን ይማረዋል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ይኸንኑ ብጠይቀው ጋሼ የ2012ን ነገር ነገረኝ። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር በሰሜን ባሕር ላይ አንድ የጠላቂዎች መርከብ ሥፍራ የሚጠብቅበት መሣሪያ በማዕበል መካከል ተበላሸና መርከቡ በነፋስ ተነዳ። ከታች 90 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይሠራ የነበረው ክሪስ ሌሞንስ፥ የሚተነፍሰውና የሚሞቅበት ቱቦ ከብረት ጋር ተጠላልፎ ተበጠሰ። በጀርባው የነበረው መጠባበቂያ ለጥቂት ደቂቃ የሚበቃ ብቻ ነበር። መኮንኖቹ መርከቡን በእጃቸው እየመሩ መለሱት፤ መሣሪያውም እንደ ገና ተነሣ። ሰውየው ከግማሽ ሰዓት በላይ በጨለማ ወለል ላይ ከቆየ በኋላ በሕይወት ወጣ። መሣሪያው ዝም ሲል የሚያስፈልገው እንግዲህ ይኸ እጅ ነው።

ይኸን እጅ ከሚያስመሰክሩት ወረቀቶች በሰፊው የታወቀው የለንደኑ ናውቲካል ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ነው። ሠልጣኙ በመጀመሪያ የመግቢያውን ትምህርት ተምሮ ይፈተናል። ከዚያ 60 ቀን በባሕር ላይ ከመሣሪያው ጋር ይውላል፤ በመዝገቡ የተዘረዘሩትን ሥራዎችም እየሠራ ያስፈርማል። ቀጥሎ ሁለተኛውን ትምህርት በሲሙሌተር ይማራል፤ ይኸውም የመርከብ ማዘዣ ክፍል በሚመስል ቤት ውስጥ፥ አስተማሪው ሆን ብሎ ብልሽት እየፈጠረ የሚለማመዱበት ነው። ከዚያም ሌላ 60 ቀን ይከተላል። በፍጻሜው የመርከቡ አዛዥ ሰውየው ለሥራው ብቁ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል።

60 ቀን ሲባል ሁለት ወር ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ቀን የሚቆጠረው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓት በዚህ መሣሪያ ሲሠራ ነው። መርከቡ ወደብ ላይ የዋለበት ወይም ሲጓዝ የሰነበተበት ቀን ባዶ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስቸግረው መርከብ ማግኘቱ ነው። ባለመርከቦች የሚሹት ወረቀት ያለውን ሰው ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ያለ መርከብ አይገኝም። ጋሼ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቆ፥ በባሕር ዳር የመርከብ ኤሌክትሪክ መኮንንነት ከሠለጠነ በኋላ፥ የመግቢያውን ትምህርት በገዛ ገንዘቡ ተምሮ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቷል።

23ቱ ቀን የቀረበት እንዲህ ነው። መርከቡ ወደብ በገባበት ዕለት አዛዡ ተለወጠ። ጋሼ የሌሊት ተረኛ ስለ ነበረ ተኝቶ ሳለ የቀድሞው አዛዥ ወርዶ ሄደ፤ ቢጽፍለትም መልስ አላገኘም። አዲሱ አዛዥ ደግሞ «ያላየሁትን አልፈርምም» አለው። እኔ ይኸን ስሰማ በአዲሱ አዛዥ ተናደድሁ፤ የመርከቡ መዝገብ እያለ ምን ያስፈራዋል ብዬ። ጋሼ ግን አልተናደደም። መዝገቡ መሣሪያው ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ይናገራል እንጂ ሠልጣኙ ምን ያህል እንዳወቀ አይናገርም አለኝ። ጥፋቱን የጣለው በራሱ ላይ ነው፤ ለእኔ ግን አሁንም ሳይፈርም የሄደው አዛዥ ይከነክነኛል።

ጋሼ በጥቅምት ወደ ባሕር ተመልሶ በሌላ መርከብ ላይ ይሠራል። እንደ ጻፈልኝ ከሆነ፥ በየሳምንቱ መዝገቡን ይዞ በአዛዡ ደጃፍ ይቆማል፤ አዛዡም «ደግሞ መጣህ?» እያለ ይስቅበታል። ይኸን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ከመጀመሪያው 60 ቀን 41ዱ ተፈርሞለታል።