ዲስኩ ሲቀር ጌም ቤቱ ምን ይሆናል?

የቪዲዮ ጌም ኢንዱስትሪው ላለፉት ዓመታት አንድ ጥያቄ ሲያመላልስ ከርሟል፤ ለጨዋታ ብቻ የተሠራው ማሽን፣ ኮንሶሉ፣ ስልክና ኢንተርኔት እየበረቱ ሲሄዱ ይተርፋል ወይ? ጥያቄውን የሚያነሱት ሰዎች የሚያስቡት ሳሎኑ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ያስቀመጠውን የቶኪዮ ወይም የለንደን ደንበኛ ነው። ከጣርማበር ወርዶ በሸዋ ሮቢት፣ በሰንበቴና በአጣዬ አልፎ ወደ ከሚሴ በሚዘልቀው የደሴ መንገድ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ኮንሶል ከቤት ዕቃነቱ ይልቅ መነገጃነቱ ያመዝናል። ጆተኒና ከረንቦላ በለመዱት ጠባብ ክፍል ገብቶ በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፈልበታል፤ ብዙ ጊዜም ሒሳቡን የሚዘጋው ተሸናፊው ነው። ስለዚህ እዚህ የኮንሶልን ዕድሜ የሚወስነው የገዢው ብዛት አይደለም። ማሽኑ ያለ ኢንተርኔት መሥራት መቻሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ምርቱ በ2013 መባቻ ቆሟል። ለጌም ቤት ግን የማሽን ሞት የሚቆጠረው ፋብሪካው ሲዘጋ ሳይሆን የእግር ኳስ ጨዋታው ሲያረጅ ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 የመጨረሻው ፊፋ 14፣ ለፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ፊፋ 19 ነበር። ከዚያ በኋላ እንኳ የተጫዋቾችን ዝውውር እያስተካከሉ አሮጌውን ጨዋታ የሚያድሱ ሰዎች ማሽኖቹን ዓመታት አስረዝመውላቸዋል። ያለ ፈቃድ የተባዛ ዲስክ ባይኖር ይህ ንግድ በዚህ ስፋት አይቆምም ነበር፤ ይህን ሸፋፍኖ ስለ ጌም ቤት ማውራት አይቻልም። ሕጋዊ ገበያ ባልደረሰበት አገር ቅጂው ገበያውን ተክቶ ሠርቷል።

ስልክ ይህን ሁሉ ጠራርጎ ወስዶታል የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አያጡም። ቴክኖ ስልኮቹን አገር ውስጥ መገጣጠም ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ብቸኝነት አብቅቷል፤ ፍሪ ፋየርና ፐብጂ በየወጣቱ እጅ ናቸው፤ የእግር ኳስ ጨዋታው ኢፉትቦልም በነፃ የሚወርድ ነው። ሆኖም እነዚህ ጨዋታዎች ከሩቅ ሰርቨር ጋር የታሰሩ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥና መቋረጡ ወራትን ሲሻገር፣ ስልኩ እጅ ላይ እያለ ጨዋታው አልነበረም፤ ዲስክ ያለው ማሽን ግን መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. ግጭት ሰፊ ክፍሏ የተቃጠለባት አጣዬ፣ መሠረተ ልማት ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ ማቀድ ምን ያህል የዋህነት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ኮንሶሉን በሩቅ ኮምፒውተር መተካት ደግሞ ፈጣን ኔትወርክ ባላቸው አገሮች እንኳ አልቀለለም፤ የጉግል ስታዲያ በ2019 ተጀምሮ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ከዚህም ሌላ ጌም ቤት የሚሸጠው ጎን ለጎን ተቀምጦ መፎካከርን፣ ከኋላ የቆመ ተረኛ መተረቡን ጭምር ነው። ስልክ ለብቻ የሚያልፍ ጊዜን እንጂ ይህን አይወስድም።

እንደኔ እምነት አደጋው ያለው ራሱ ኮንሶሉ እየተለወጠ በመሄዱ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ ዲስክ የማይቀበል ዓይነት አብሮት ወጣ፤ በ2023 የመጣው ቀጭኑ ሞዴል ተነቃይ የዲስክ ማጫወቻው መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ የ2024ቱ ፕሮ ማጫወቻው ለብቻ ካልተገዛለት ዲስክ አያነብም። ዲስክ ከሌለ ጨዋታው የሚገኘው ከኢንተርኔት መደብር ነው፤ የፕሌይስቴሽን አምራቹ የሶኒ መደብር በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ውስጥ ግን ኢትዮጵያ የለችም፤ ተጠቃሚው የሌላ አገር ሰው መስሎ አካውንት ይከፍታል፣ ዋጋውንም በዶላር ይከፍላል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 ተነስቶ ከ100 ያለፈው የዶላር ምንዛሪ ይህን መንገድ ይበልጥ አጥብቦታል። አምራቹ ለአንድ ሳሎን አስቦ የሠራው አካውንት መንገድ ዳር ላለ ንግድ አይበቃም።

አንድ ተቃውሞ ግን በቀላሉ አይመለስም። ጌም ቤቱ ለአገር ውስጥ ፈጣሪ ምንም አልሰጠም፤ አገር በቀሉ ጌም ሠሪ ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለውን ጨዋታ ሲሠራ የሄደው ወደ ስልክ ነው፤ የኮንሶሉን በር አምራቹ በፈቃድ ቆልፎታል። እውነት ነው። የኢትዮጵያ ጨዋታ የሚወለደው ስልክ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ወጣቱ ተሰብስቦ የሚጫወትበትን ቦታ ጉዳይ አይፈታም። ለዚያ ቦታ ወሳኙ ፕሌይስቴሽን 6 የሚወጣበት ቀን አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. ለወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በ2025 እንኳ የፊፋ ጨዋታዎች ተከታይ የሆነው ኤፍሲ 26 ተሠርቶለታል፤ ያገለገሉ ማሽኖችም ገበያ ላይ አሉ። መጠበቅ ያለበት አዲሱ እግር ኳስ ለዚህ ማሽን መሠራቱ የሚያቆምበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጌም ቤቶች እንደ ፕሌይስቴሽን 2 ዘመን አሮጌውን እያደሱ ይቆያሉ እንጂ ወደሚቀጥለው ማሽን በቀላሉ አይሻገሩም።