የንግድ አብራሪነት ፈተናና የሕዝብ አደራ

መንገደኛና ጭነት በክፍያ ማጓጓዝ ከፍ ያለ ኃላፊነት የሚጠይቅ ሙያ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት የንግድ አብራሪነት ፈቃድ የሚሻ እጩ ዕድሜው ከ18 ዓመት ያላነሰ፣ የበረራ ልምዱም 200 ሰዓት፣ በታወቀ ማሠልጠኛ ለተማረ ደግሞ 150 ሰዓት የደረሰ መሆን ይኖርበታል።

በበረራው ፈተና ላይ ፈታኙ የሞተሩን ኃይል በድንገት ይቀንሳል፤ እጩውም ሳይደናገጥ ፍጥነቱን ጠብቆ የሚያርፍበትን ስፍራ ይመርጣል። ይሁን እንጂ ከእጅ ቅልጥፍና ይልቅ የሚመዘነው አስተዋይነት ነው።

ለምሳሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በሚገኘው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አየሩ የሳሳ ነው። የሞተሩ ጉልበት ይደክማል፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረዘም ያለ ርቀት መንደርደር ያሻዋል። ስለዚህ እጩው ክብደቱን፣ ነዳጁንና ሙቀቱን አስልቶ፣ ሲያስፈልግ «ይህ ጭነት ይቀነስ» ለማለት መድፈር አለበት። መንገደኛው ሕይወቱን በአደራ የሚሰጠው ለዚህ ድፍረት ነውና።