ፍርሃትና አደጋ ለምን አይገጣጠሙም?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተዘጋ የካንሰር ሕክምና ተቋም የጨረር ማከሚያ መሣሪያ ነቅለው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በውስጡ ሲዝየም-137 የተባለ ጨረር አመንጪ ዱቄት ነበር፤ መቶ ግራም እንኳ አይሞላም። ዱቄቱ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ነጋዴው እንደ ብርቅ ነገር ቆጥሮ ለዘመድ አዝማድ አደለው። ገላቸው ላይ የተቀቡትም ነበሩ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ዱቄት በነካው እጇ ምግብ በላች። በመጨረሻ በ249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ፤ ልጅቷን ጨምሮ አራት ሰዎች ሞቱ።

ነገሩ በይፋ ሲታወቅ ድፍረቱ ወደ ድንጋጤ ተገለበጠ። 112,000 ያህል ሰው በስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ። ዱቄቱ ጨርሶ ያልደረሰባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሽፍታ ወጣባቸው፣ አስመለሳቸው። የከተማው ነዋሪ ከብክለት ነፃ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ይሰጠው ጀመር፤ ሌላ ከተማ ያለ ሆቴል አላሳድርም ይለው ነበርና። የልጅቷ አስከሬን በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ታሽጎ ሳለ ቀባሪዎቹ የድንጋይ ናዳ ወረደባቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ነው።

ድፍረቱም ድንጋጤውም ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፤ ስለዚህ ሰው በመጀመሪያ በብርሃኑ ውበት፣ ኋላ ደግሞ በስሙ አስፈሪነት ፈረደ። መጠኑን የጠየቀ እምብዛም አልነበረም። ጨረር እንደ ጉንፋን አይጋባም፤ ኤክስሬይ የተነሣ ሰው ጨረር ተሸክሞ ወደ ቤቱ አይገባም። ዱቄቱ ልብሱና ገላው ላይ የቀረበት ሰው ሌላውን ሊበክል ይችላል፤ እሱም ቢሆን ልብሱን ሲያወልቅና ሲታጠብ አብዛኛው ይለቀዋል። ኬሚካልም ከዚህ አይለይም። ክሎሪን በልኩ ሲጨመር የመጠጥ ውኃን ከጀርም ያጠራል፤ ታምቆ በጋዝ መልክ ሲያመልጥ ሳንባ ያቃጥላል። ስሙ አንድ ነው፤ ጉዳቱን የሚወስኑት መጠኑ፣ ርቀቱና የቆይታው ጊዜ ናቸው።

«አብዝቶ መፍራት ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። የጃፓኗ ፉኩሺማ ትመልሳለች፦ እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ በመፈናቀልና በእንግልት ጤናቸው ተቃውሶ እንደሞቱ በይፋ የተመዘገቡት ሰዎች ከ2,000 ይበልጣሉ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። «ባለሥልጣን ሲዋሽ ማንን እንመን?» የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፣ እውነትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሶቪየት ኅብረት የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ የጎረቤቷ የፕሪፕያት ነዋሪዎች ከከተማቸው የወጡት ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ነበር። ለሕዝብ ከመጀመሪያው ቀን እውነቱን ያልነገረ፣ በኋላ «አትደናገጡ» ቢል የሚሰማው አያገኝም። ነገር ግን አለመታመኑ ልኬቱ በይፋ እንዲነገርና በገለልተኛ ባለሙያ እንዲረጋገጥ ለመጠየቅ ምክንያት ነው እንጂ፣ መለካትን ትቶ በወሬ ለማደር ፈቃድ አይደለም።

በጎያኒያ በልኩ የፈራ ሰው ነበር። የነጋዴው ሚስት ቤተሰቧ በአንድ ሰሞን መታመሙን አስተዋለች፤ የሚያበራውን ነገር ጠረጠረች። የተረፈውን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ወሰደችው። በማግስቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ ለካው፤ ምስጢሩም ወጣ። እሷ ከሟቾቹ አንዷ ሆነች። ጥርጣሬዋን እስከ መለኪያው ባታደርሰው ኖሮ ግን ዱቄቱ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን በቀጠለ ነበር።