በበጋ ተሳፍረው በክረምት የወረዱት

ሐምሌ ክረምት ነው ቢሉት ለአዲስ አበባ ሰው ዜና አይደለም። ካታንጋ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ኳስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ለአውሮፓዊ ግን ሐምሌ ማለት ፀሐይ፣ ባህር ዳርቻና ዕረፍት ነው። ታዲያ እ.ኤ.አ በ1930 የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ሊጫወቱ ኡራጓይ የሄዱት አውሮፓውያን ከመርከብ ሲወርዱ ምን ጠበቃቸው? ብርድ፣ ዝናብና ገና ተሠርቶ ያላለቀ ስታዲየም!

ነገሩ ወዲህ ነው። ኡራጓይ በ1924 እና በ1928 የኦሊምፒክ እግር ኳስ ሻምፒዮን ነበረች። በዚያ ላይ 1930 የመጀመሪያ ሕገ መንግሥቷ 100ኛ ዓመት የሚከበርበት ነው። የእንግዶቹን የጉዞና የማረፊያ ወጪ እኔ እችላለሁ ብላ ዓለምን ጋበዘች። አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ግን "መንገዱ ሩቅ ነው" ብለው ቀሩ። እሺ ያሉት ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ሮማኒያና ዩጎዝላቪያ ብቻ ናቸው። የሮማኒያ ተጫዋቾችም ከሥራቸው ፈቃድ ያገኙት ንጉሥ ካሮል ዳግማዊ ጣልቃ ገብተው እንደሆነ ይነገራል።

ዩጎዝላቪያ በሌላ መርከብ ስትሄድ ሦስቱ ቡድኖች "ኮንቴ ቬርዴ" በተባለችው የጣሊያን መርከብ ተሳፈሩ። የፊፋው ፕሬዚዳንት ዡል ሪሜም ዋንጫውን ይዘው አብረው ነበሩ። ጊዜው የጁን ወር መጨረሻ፣ የአውሮፓ በጋ ነው። ተጫዋቾቹ ሁለት ሳምንት ያህል በባህር ላይ ሲጓዙ ልምምዳቸው የመርከቧ ወለል ላይ መሮጥና ሰውነት ማፍታታት ነበር። መርከቧ በሪዮ ዴ ጃኔሮ የብራዚልን ቡድን ጨምራ ጁላይ 4 ቀን ሞንቴቪዲዮ ደረሰች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ወቅቱ የተገለበጠባቸው። የሞንቴቪዲዮ ሐምሌ አማካይ ሙቀት 11 ዲግሪ ገደማ ነው። ቁጥሩ ብዙም ላያስፈራ ይችላል፤ ከሪዮ ዴ ላ ፕላታ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። የቀን ብርሃኑም አሥር ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በበጋ የተሳፈረ ሰው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ካፖርት ፈላጊ ሆነ ማለት ነው።

ዝናቡ ደግሞ የሴንቴናሪዮ ስታዲየምን ግንባታ አጓተተው። ስለዚህ ጁላይ 13 የተደረጉት የመክፈቻ ጨዋታዎች በትንንሾቹ ሜዳዎች ሆኑ። በፖሲቶስ ሜዳ ፈረንሳይ ከሜክሲኮ ስትጫወት የፔዦ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው ሉሲየን ሎረን በ19ኛው ደቂቃ የዓለም ዋንጫን የመጀመሪያ ግብ አስቆጠረ። ሎረን ከዓመታት በኋላ ሲያስታውስ በዕለቱ በረዶ ይጥል እንደነበር፣ ከግቡ በኋላም እጅ ከመጨባበጥ ያለፈ ጭፈራ እንዳልነበረ ተናግሯል። ግብ ጠባቂው አሌክስ ቴፖ ተጎድቶ ሲወጣ ቅያሪ የሚባል ነገር ስላልነበረ አማካዩ ሻንትሬል ግብ ላይ ቆመ። ያም ሆኖ ፈረንሳይ 4ለ1 አሸነፈች። በኋላ ግን በአርጀንቲናና በቺሊ በተመሳሳይ 1ለ0 ተሸንፋ ተሰናበተች። ቤልጂየም አንድ ግብ እንኳ ሳታገባ ወጣች። ከአውሮፓ ግማሽ ፍፃሜ የደረሰችው ዩጎዝላቪያ ብቻ ናት።

ክረምቱ ለጎረቤትም አልራራም። ለፍፃሜው ከቦነስ አይረስ በመርከብ የተነሱ በርካታ የአርጀንቲና ደጋፊዎች በወንዙ ላይ በወረደው ጉም ምክንያት ሳይደርሱ ቀሩ። ጁላይ 30 ቀን ኡራጓይ 2ለ1 ከመመራት ተነስታ አርጀንቲናን 4ለ2 ረታች። ቂሙ ግን አልቀረም። አውሮፓ ክረምቴን ንቃ ቀርታለች ያለችው ኡራጓይ በ1934 ጣሊያን አልሄድም ብላ ዋንጫዋን ሳትከላከል ቀረች።

ከእኛም ሰፈር ይህን ብርድ የቀመሱ አሉ። በ2001 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ አራተኛ የወጣው የኢትዮጵያ ወጣት ቡድን በዚያው ዓመት ጁን ላይ ለዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አርጀንቲና ወርዷል። ልጆቹ የአገራቸውን ክረምት ጥለው የሰው አገር ክረምት ውስጥ ገቡ። ምድቡም ቀላል አልነበረም፤ ፋን ደር ፋርትን የያዘችው ሆላንድ፣ ኮስታሪካና ኢኳዶር ነበሩበት። ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ። ዋንጫውን 11 ግቦች ያገባው ሳቪዮላ ለአርጀንቲና አስቀረው።

ይህ ታሪክ አሁን የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2030 የዓለም ዋንጫ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ኡራጓይ፣ አርጀንቲናና ፓራጓይ አንዳንድ ጨዋታ ያስተናግዳሉ። ቀሪው ስፔን፣ ፖርቱጋልና ሞሮኮ ላይ ነው። ይህ ማለት ስድስት ቡድኖች በጁን ወር በደቡብ አሜሪካ ብርድ ጀምረው በቀናት ውስጥ ወደ ሰሜኑ የበጋ ሙቀት ይበርራሉ። ያኔ ሁለት ሳምንት የፈጀው ባህር ዛሬ የአንድ ሌሊት በረራ ነው። የሞንቴቪዲዮ ነፋስ ግን ያው የ1930ው ነው፤ ሰውነትን በአንድ ሌሊት ከብርድ ወደ ሙቀት ማላመድ ደግሞ ለየትኛውም አሠልጣኝ ቀላል የቤት ሥራ አይሆንም።