ከአፈር ከረጢት እስከ ወደብ፤ የበጋው የአፈር ጥናትና የነጋዴው ድርሻ

የአገራችን ንግድ መሠረቱ እርሻ፣ የእርሻም መሠረቱ አፈር መሆኑን ማንም የሚስተው አይደለም። ቡናውን ለውጭ ገበያ የሚያቀርበውም፣ የእርሻ መሣሪያ ከባሕር ማዶ የሚያስመጣውም፣ በወረዳ ከተማ ሱቅ ከፍቶ የሚቸረችረውም ነጋዴ ትርፉና ኪሣራው በመጨረሻ የሚወሰነው በገበሬው ማሳ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ያ ማሳ ምን እንደሚጐድለው ለማወቅ በየበጋው በሩቅ ገጠር ስለሚደረገው የአፈር ጥናት በንግዱ ማኅበር ዘንድ እምብዛም ሲነገር አይሰማም። ስለዚህ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድና ከነጋዴው መዝገብ ጋር በምን እንደሚገናኝ ባጭሩ መግለጽ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ናሙናው እንዴት ይወሰዳል

የቡና ነጋዴ አንድን ጭነት ለመገመት ጆንያውን ሁሉ አያራግፍም፤ ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት አውጥቶ በመደባለቅ ናሙና ያዘጋጃል። የአፈር ባለሙያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በአንድ ማሳ ውስጥ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑ ቦታዎች በመሰርሰሪያ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አፈር ያወጣል፤ አደባልቆም 1 ኪሎ ያህሉን በከረጢት ያኖራል። የ1 ሄክታር መሬት የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ከ2 ሚሊዮን ኪሎ በላይ የሚመዝን ስለሆነ፣ ያች አንዲት ኪሎ የምትመሰክረው ስለዚህ ሁሉ ክብደት ነው። ናሙናው ከከብት በረት አጠገብ ወይም ማዳበሪያ ከተከመረበት ስፍራ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል።

ጠለቅ ላለው ጥናት ደግሞ እስከ 2 ሜትር የሚደርስ ጒድጓድ ይቈፈራል። ባለሙያው ወደ ውስጥ ወርዶ የአፈሩን ድርብርብ እየለየ ይለካል፤ መልኩን መንሰል በተባለው አሜሪካዊ ስም ከሚጠራው የቀለም መጽሐፍ ጋር ያመሳክራል፤ በውሃ አርጥቦ በጣቱ እያሸ ሸክላነቱንና አሸዋነቱን ይገምታል፤ ጥቂት አሲድ አንጠባጥቦ አፈሩ አረፋ ቢያወጣ ኖራ እንዳለበት ይረዳል። በከረጢቱ ውስጥና ውጭ የሚደረገው ምልክት በእርሳስ ይጻፋል፤ የብዕር ቀለም በርጥበት ይለቃልና። ምልክቱ የጠፋበት ከረጢት የመላኪያ ወረቀቱ እንደ ጠፋ ጭነት ነው፤ ከየት እንደ መጣ ስለማይታወቅ የወጣበት ገንዘብና ድካም ከንቱ ይቀራል።

በጋ ስለ ምን ተመረጠ

ይህ ሥራ በአመዛኙ የሚከናወነው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። በክረምት ወንዞች ይሞላሉ፤ የገጠር መንገዶች ይዘጋሉ፤ ማሳውም በሰብል ይሸፈናል። ይልቁንም በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት የሚሸፍነው ጥቁር የዋልካ አፈር ዝናም ሲያገኝ ያብጣል፤ ከመሰርሰሪያው ላይ ይጣበቃል፤ መኪናውንም በቅሎውንም ይይዛል። በጋው ሲበረታ ደግሞ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ለዋልካ መሬት የሚመቸው ጊዜ ከመኸር ወዲያ ርጥበቱ ጨርሶ ሳይጠፋ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ናቸው። በዚህም ምክንያት ጥቂት ሳምንት የዘገየ ጒዞ የአንድ ዓመት ሥራ ሊያስቀር ይችላል።

የዐባይ ተፋሰስ ምሳሌ

ለዚህ ዓይነቱ ድካም ታላቅ ምሳሌ የሚሆነን በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት ትብብር የተካሄደው የዐባይ ተፋሰስ ጥናት ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. የወጣው ሪፖርት ከውሃውና ከኤሌክትሪክ ኀይሉ ጥናት ጋር፣ መሬቱ ለመስኖ ያለውን ተስማሚነት በየደረጃው የሚመድብ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። በዚያ ጥናት ለግድብ ይሆናል ተብሎ በተመለከተው በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በሩቅ በረሃ በትክክል የተመዘገበ ጥናት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም እንደሚጠቅም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ከታወጀ ወዲህ፣ አፈሩን የማስጠናቱ ግዴታ የአንድ ባለ ርስት ሳይሆን የመንግሥት ሆኗል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ኢትዮሲስ በመባል የሚታወቀው የአፈር መረጃ ሥራም ከየወረዳው ናሙና እያሰባሰበ የአፈሩን ለምነት በካርታ ላይ አውሏል።

ማዳበሪያና ኖራ

ለብዙ ዓመታት ወደ አገር ሲገባ የነበረው ማዳበሪያ ሁለት ዓይነት ነበር። ዳፕ ከ100 ኪሎው 18ቱ ናይትሮጂን 46ቱ ፎስፌት ሲሆን፣ ዩሪያ 46ቱ ናይትሮጂን ነው። ጥናቱ ግን በብዙ ስፍራ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ ጭምር እንደሚጐድል አሳየ። በዚህም ምክንያት 19 ናይትሮጂን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ በግዥው ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከሜዳ የመጣ ከረጢት የባሕር ማዶ ትእዛዝ አስለወጠ ማለት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ጒዳይ አለ። ከሚታረሰው መሬታችን 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ መሆኑ ተገምቷል። በዚህ ዓይነቱ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፌቱን አስረው ለሰብሉ ሥር ይከለክሉታል። በውጭ ምንዛሪ የተገዛው፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጒዞ ወደ ገጠር የተጫነው ማዳበሪያ ብዙው ክፍል ሳይጠቅም ይቀራል። መድኀኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ እርሱም በዐባይ ሸለቆ ገደሎችና በሌላም ስፍራ የሚገኝ የገዛ ሀብታችን ነው። ለየትኛው ማሳ ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ግን ያው የአፈር ምርመራ ነው።

የጊዜው ሒሳብ

በጥር የተወሰደ ናሙና በጥላ ይደርቃል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል፤ በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ውጤቱም ወደ ምክር፣ ምክሩም ወደ ግዥ ትእዛዝ ይለወጣል። ከዚያም ጨረታ፣ መርከብ፣ ወደብና መጋዘን ይከተላሉ፤ ማዳበሪያው ግን በሰኔ ለዘር መድረስ አለበት። ስለሆነም በዘንድሮ ጥር የተቈፈረ አፈር የሚጠቅመው ቢፈጥን ለከርሞው ክረምት ነው። አንድ በጋ ያለ ጥናት ቢያልፍ፣ የሚመጣው ትእዛዝ በአሮጌ ግምት የተሰጠ ይሆናል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ገበሬውና ለገበሬው በዱቤ የሸጠው ባለ ሱቅ ነው።

የማዳበሪያ ግዥ በአብዛኛው በመንግሥት ድርጅት አማካይነት የሚፈጸም ስለሆነ፣ «ይህ እኛን ምን አገባን» የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መሰርሰሪያውን፣ ወንፊቱን፣ ሚዛኑንና የላቦራቶሪውን ኬሚካል ማስመጣት፣ ከረጢቱን ማሰፋት፣ መኪናውን ማከራየት፣ በሩቅ ወረዳ ነዳጅና ስንቅ ማቅረብ የነጋዴ ሥራ ነው። ጥር ላይ የሚደርስ መሰርሰሪያ የበጋውን እኩሌታ አባክኗል። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዙን በክረምት ሰጥቶ ዕቃውን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቢያስገባ ለራሱም ለአገርም ይጠቅማል። ባለ መኪናውም ማዳበሪያ አራግፎ ባዶ ከሚመለስ ኖራ የሚጭንበትን መንገድ ቢያጠና መልካም ነው። የወረዳው ባለ ሱቅ ደግሞ ለከርሞ የሚያከማቸውን ዕቃ ከመወሰኑ በፊት ወደ እርሻ ጽሕፈት ቤት ጐራ ብሎ ስለ አካባቢው አፈር የተገኘውን ውጤት ይጠይቅ። ጥናቱ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነውና ውጤቱን መጠየቅ መብቱ ነው።