ያውቁ ኖሯል? እኩል ኦድ ፍትሐዊ ክፍያ አይደለም

አሶሳ ሻይ ቤት ተቀምጦ በስልኩ ውርርድ የሚቆርጥ ወጣት፣ «ከ2.5 ጎል በላይ» እና «በታች» ለሚሉት አማራጮች እኩል 1.85 ኦድ (ሲያሸንፍ ያስያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር) አገኘ እንበል። በሁለቱም ላይ መቶ መቶ ብር ቢያስይዝ፣ ለ200 ብሩ የሚመለስለት 185 ብር ነው። ከእያንዳንዱ መቶ ብር 7.50 ብር ለአወራራጁ ቀረ ማለት ነው።

አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲደረደሩ ክፍያው ወደ 21.67 እጥፍ ያድጋል፤ ያጓጓል! የእያንዳንዱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ከሆነ ግን አምስቱም የመሳካት ዕድላቸው ከ32 አንድ ነው። የ100 ብር ትኬት አማካይ ተመላሽ 68 ብር ገደማ ይሆናል።

ውርርድ በኦዱ እንደሚለካ ሁሉ፣ የቪዲዮ ፖከር ማሽንም በክፍያ ሰንጠረዡ ይለካል። «ጃክስ ኦር ቤተር» በተባለው ጨዋታ ፉል ሃውስ ለተባለው የካርታ ጥምረት 9 እጥፍ፣ ፍላሽ ለተባለው 6 እጥፍ የሚከፍለው ማሽን ያለ ስህተት ለሚጫወት 99.54 በመቶ ይመልሳል፤ 8 እና 5 የሚከፍለው 97.30 በመቶ።