ከመጋዘን ዕቃ ሲወጣ ሠራተኛውን ስለሚረዱ መነጽርና ሌሎች መሣሪያዎች

ለየክልሉ፥ ለየዞኑና ለየወረዳው ሹማምንት፥ መጋዘን ላላቸውም ሰዎች ኹሉ ይህን ጉዳይ ማስረዳት አስፈላጊ ኾኖ ስለ ተገኘ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል።

እህል፥ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ መጋዘን ሲገባ ብዙ ዐይን ይጠብቀዋል፤ ይመዘናል፥ ይቈጠራል፥ ይመዘገባል። ሲወጣ ግን ነገሩ በአንድ ሠራተኛ ዐይንና ትዝታ ላይ ይወድቃል። ሠራተኛው የትእዛዙን ወረቀት ይዞ በክምሩ መካከል እየዞረ ይፈልጋል፥ ያነባል፥ ያነሣል። ብዙ ዐይነት ዕቃ በሚያድርባቸው ታላላቅ መጋዘኖች የወጪው እኩሌታ ያህል ለዚሁ ሥራ እንደሚውል ይገመታል፤ ከሠራተኛውም ጊዜ ብዙው በመኼድና በመፈለግ ያልፋል።

የስሕተቱ ጉዳት ግን ከጊዜው ብክነት ይከፋል። ቢኤች 660 የሚባለው የበቈሎ ዘር ዝናብ ለማያጣው አገር የተዘጋጀ ነው፤ ለመድረስም 160 ቀን ያህል ይፈልጋል። መልካሳ 2 ደግሞ ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ ኾኖ በ130 ቀን ገደማ ይደርሳል። ዘሩ መድኃኒት ተቀብቶ በከረጢት ከታሸገ በኋላ አንዱን ከሌላው በዐይን መለየት ልምድ ላለው ሰው እንኳ ያስቸግራል። የቆላው ገበሬ ተሳስቶ ቢኤች 660 ቢሰጠው፥ ስሕተቱ የሚገለጠው ዝናቡ ሲያቆም፥ በቈሎው ገና ፍሬ ሳይዝ ነው። ያን ጊዜ ከረጢቱን መልሶ ማምጣት ምን ይጠቅማል?

ይህን ለመከላከል ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1974 በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ በሱቅ ያገለገለው ባር ኮድ ዛሬ በጣት ላይ እንደ ቀለበት በሚጠለቅ አንባቢ ይነበባል፤ ሠራተኛውም ኹለት እጁ ነጻ ይኾናል። ሌላው በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራው ነው፤ ድምፁ ቦታውን ይነግራል፥ ሠራተኛውም በዚያ የተጻፈውን መለያ ቍጥር ጮኾ ይመልሳል፥ ቍጥሩ ካልገጠመ መሣሪያው ወደሚቀጥለው አያሳልፈውም። ከመደርደሪያው ላይ መብራት እያበራ ቦታውንና ብዛቱን የሚያሳይም አለ። መነጽሩ ግን በአንድ ዐይን ፊት ባለች ትንሽ መስታወት የመደርደሪያውን ሥዕልና የሚነሣውን ብዛት ያሳያል።

ዲኤችኤል የተባለው የዕቃ ማመላለሻ ኩባንያ በ2015 በአውሮጳ አቈጣጠር፥ በኔዘርላንድ አገር በበርገን ኦፕ ዞም ከተማ መነጽሩን ፈትኖ ሥራው በመቶ 25 እንደ ተፋጠነ አስታውቋል። ይህ ኩባንያው ስለ ራሱ የተናገረው ስለ ኾነ በጥንቃቄ መስማት ይገባል። በጆርጂያ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በ2014 የወጣው ምርመራ ይልቅ ያስተምራል፤ መነጽሩና በጋሪ ላይ የተሰካው ተራ ስክሪን ኹለቱም ወረቀትንና መብራትን በፍጥነትም በስሕተት ማነስም በልጠው ተገኝተዋል። እንግዲህ ገንዘብ ያጠረው መጋዘን ስለ ጋሪው ስክሪን አስቀድሞ ቢያስብ ይሻለዋል። ጉግልም የራሱን መነጽር መሸጥ በ2023 ስላቆመ፥ የመጋዘኑን ሥራ በአንድ ኩባንያ ዕቃ ላይ ብቻ ማሠር አይገባም።

ከኹሉ በፊት ግን ቦታው አድራሻ ሊኖረው ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ምሥራቅ የቦሌ አራብሳን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። ሕንጻዎቹ ተመሳሳይ ስለ ኾኑ እንግዳ የሚደርሰው የብሎኩንና የቤቱን ቍጥር ይዞ ነው፤ የባለቤቱን ስም ብቻ ይዞ የመጣ ሲዞር ይውላል። በመጋዘንም ረድፉ፥ መደርደሪያውና ደርቡ ቍጥር ከሌላቸው መነጽሩ የሚያሳየው የለውም። ቍጥሩ በቀለም ከተጻፈ፥ ባር ኮዱም ከተለጠፈ፥ በእጅ ያለው ስልክ እንኳ አንብቦ ስሕተትን ይይዛል።

መሣሪያው በየመጋዘኑ ይግባ ማለት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 550 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመጋዘኑ አስገቢውን የሚያውቀው በምርቱ ደረጃና ክብደት ነው፤ አንድ ዐይነት እህል በክምር ለሚያድርበት እንዲህ ላለው ቤት መነጽር ትርፍ ወጪ ነው። የሚጠቅመው የእንስሳት መድኃኒት፥ መለዋወጫና ብዙ ዐይነት ዘር በትንሽ በትንሹ በሚወጣበት ነው።

ለመሞከር የሚፈልግ ሹም የዘር ጊዜ ሳይደርስ አንድ ወር ያህል በወረቀቱ አሠራር ስንት ስሕተት እንደ ተፈጸመ ያስቈጥር፤ ከዚያ ከመሣሪያው ጋራ ያስተያይ። የባትሪ መለዋወጫ ይኑር፥ ድምፁም ሠራተኛው በሚሰማው ቋንቋ ይኹን። መነጽሩ ዐይን የሚያደክመው ሠራተኛ ወደ ወረቀቱ ቢመለስ እንደ ስንፍና አይቈጠርበት፤ መሣሪያው እርምጃውን ኹሉ ስለሚመዘግብም፥ መዝገቡ ስሕተት ለማረም እንጂ ደመወዝ ለመቍረጥ እንዳይውል ገና ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይወሰን።